የካምፑ ቆሻሻ ከገበያ ነው የሚጀምረው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ሐዋሳ ነው ያለሁት፤ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ውስጥ አስተባባሪ ነኝ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለስድስት ቀን የልጆች ካምፕ እናዘጋጃለን። ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 120 ልጆች ይመጣሉ። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለ ግቢ ነው። አምና ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግቢውን ስናጸዳ ባዶ የውሃ ሃይላንዱ፣ ነጭ የስታይሮፎም ሳህኑ፣ የብስኩት ላስቲኩ፣ የተደፋው ምግብ ተደማምሮ ሦስት የአህያ ጋሪ ሞላ። ጋሪው ላይ ያልተጫነውን ደግሞ ዘበኛው ጓሮ ወስዶ አቃጠለው፤ ጭሱ እስከ ማታ ግቢውን አልለቀቀም። የዚያን ዕለት ጠዋት ልጆቹን ያስተማርኩት ስለ ፍጥረት ነበር! አፈርኩ። ዘንድሮ ለኮሚቴው ሳነሳው "ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በጀት ግን የለንም" አሉኝ። አንዱ ወንድም ደግሞ "ችግኝ እንተክላለን፣ አለቀ" አለ። ከየት ልጀምር?
አስተባባሪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላም ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ ከጋሪው እንጀምር። ሦስት ጋሪ ቆሻሻ ከሰማይ አልወረደም። በገንዘባችሁ የገዛችሁት ነው፤ ያውም ደረሰኝ አስቆርጣችሁ። ካምፑ ሊጀመር ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የግዢ ዝርዝር የሚጻፍበት ስብሰባ አለ አይደል? እሱ ስብሰባ ላይ እንዳትቀሪ። የጽዳቱ ቀን ብትቀሪ ይሻላል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በወጣትነቴ አንድ ካምፕ ላይ የግዢ ኃላፊ አድርገውኝ ነበር፤ ዕቃ ማጠብ ጣጣ ነው ብዬ ስታይሮፎም ሳህን በካርቶን ገዛሁ። ዘመናዊ የሆንኩ መስሎኝ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ከድስት የወጣ ሽሮ፣ ገና እየተንተከተከ፣ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ መሃሉ ለስልሶ ተጣጠፈና አንዱ ልጅ ጉልበት ላይ ተደፋ። ልጁ ብዙ አልተጎዳም፤ እኔ ግን ወጥ ቤት የነበሩት እናት ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ትሪ ጠፍቶ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። (በነገራችን ላይ ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ስታይሮፎም ላይ ሲቀመጥ ከሳህኑ ስታይሪን የሚባል ኬሚካል ወደ ምግቡ ይገባል። ስለዚህ ሳህኑ ባይጣጠፍም ለልጅ አይመከርም።)

የእኚያ እናት ጥያቄ ለአንቺም መልስ ይሆንሻል። እኛ እኮ ሰሃን የማያስፈልገው አበላል ያለን ሰዎች ነን። አንድ ትሪ፣ ዙሪያውን ስድስት ልጅ። 120 ልጅ ማለት 20 ትሪ ነው። ምሳና ራቱን በትሪ ብታደርጉት በስድስት ቀን 1,440 የሚጣል ሳህን ሳይገዛ ይቀራል። ማስላት ቀላል ነው፤ 120 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ6። ደግሞ በአንድ ትሪ የሚበሉ ልጆች ይተዋወቃሉ። ዓይን አፋሩም "ብላ እንጂ" ይባላል፤ ይጎራረሳሉ። ይሄንን የትኛውም የመተዋወቂያ ጨዋታ አያመጣውም።

ትሪው ከየት ይመጣል? ከእድር! ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልቁ ብረት ድስት፣ ጆጉ፣ ኩባያው ሁሉ እድር ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል። ከቤተ ክርስቲያናችሁ አባላት ውስጥ የእድር ሰብሳቢ ወይም ንብረት ያዥ አይጠፋም፤ በትንሽ ኪራይ፣ አንዳንዴም በምስጋና ብቻ ያውሷችኋል። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ተነጋገሪ፦ መሃል ላይ ለቅሶ ከመጣ ዕቃው ይፈለጋል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ደርሶብናል፤ ራት ሊቀርብ ሲል ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ድስቱን ጠየቁን፤ ውስጡ ምስር ወጥ ነበር። ስለዚህ ከሁለት እድር ከፋፍላችሁ ውሰዱ። እንግዲህ "በጀት የለም" ላሉሽ ሰዎች የመጀመሪያው መልስሽ ይሄ ነው። የሚጣል ነገር የማይገዛ ካምፕ ወጪው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ዕቃ አጠባውን ለልጆቹ በተራ ስጧቸው። ሦስት ሳፋ፦ አንዱ በሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው ፍል ውሃ። ከማጠባችሁ በፊት ፍርፋሪው በእጅ ተጠርጎ ባልዲ ውስጥ ይግባ። የታጠበበት ውሃ ደግሞ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ፤ ከዳርቻው ራቅ አድርጋችሁ ጉድጓድ ቆፍሩና እዚያ ይፍሰስ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ያፈሰስሽበት ሳሙና ጠርጎት የሚሄድ ወራጅ የለም፤ እዚያው ነው የሚቀረው። ልጆቹም ገላቸውንና ካልሲያቸውን እዚያ እንዲያጥቡ አትፍቀዱ። ለሐይቁ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ።

አሁን ወደ ውሃው። ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። አንድ ልጅ ሲሮጥ ሲጫወት ውሎ በቀን ሁለት ሊትር ይጠጣል ብንል፣ 120 ልጅ በስድስት ቀን 1,440 ሊትር ነው። ይሄን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከገዛችሁት 2,880 ፕላስቲክ ይመጣል። ከሦስቱ ጋሪ ቢያንስ አንዱ እሱ ነበር ብዬ እገምታለሁ። መፍትሔው ደግሞ አሮጌ ነው፦ የከተማው ቧንቧ ውሃ በቦቴ ይምጣ፣ ታጥቦ የደረቀ ሮቶ ውስጥ ይገልበጥ፣ ለመጠጥ የሚሆነው ይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ይታከም። ማከሚያ ስትጠቀሙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠንና የመቆያ ሰዓት ጠብቁ፤ በግምት አይሆንም። ከዚያ ቧንቧ የተገጠመላቸው አራት አምስት ጀሪካኖች ግቢው ውስጥ በየቦታው ይቀመጡ። ልጁ ከቤቱ አንድ ኮዳ ወይም ያገለገለ ሃይላንድ ይዞ ይመጣል፤ ስድስቱንም ቀን እሷን ይሞላል።

"ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለ" ትዪኝ ይሆናል። ጥሩ፣ ለዕቃና ለልብስ ተጠቀሙበት። ለመጠጥ ግን መጀመሪያ አስመርምሩት። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በሸለቆው ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የሸለቆው ልጆች ጥርስ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስድስት ቀን የማንም ጥርስ አይበላሽም፤ ነገር ግን ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያወጣው እወቂ፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይከማቻል። ብዙ ሰው "አፍልተነዋል እኮ" ብሎ ይዘናጋል።

ምግቡ ላይ የምመክርሽ አንድ ባልዲ ብቻ ነው። ነጭ ባልዲ ግዢ። የመጀመሪያው ቀን ከትሪው የተረፈው ሁሉ እሱ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ የደረሰበት ላይ በከሰል መስመር አስምሪ፤ ጎኑ ላይ "ሰኞ" ብለሽ ጻፊ። ማክሰኞም እንዲሁ። ምንም ስብከት አያስፈልግም። ባልዲውን ልጆቹ የሚያልፉበት ቦታ አስቀምጪውና ዝም በይ። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሳቸው "ጋሽዬ ትንሽ ብቻ፣ ካነሰኝ እደግማለሁ" ማለት ይጀምራሉ። ጭልፋ የያዘውም ሰው መጀመሪያ አሳንሶ ማውጣት መልመድ አለበት። የእኛ ሰው ሲያቀርብ እጁ አያርፍም፤ ፍቅር ነው፣ ግን ግማሹ ጉድጓድ ይገባል። የማታ ትምህርታችሁን እዚሁ ላይ ማድረግ ትችያለሽ፤ አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ቁርስራሹ ይሰብሰብ የተባለውንና አሥራ ሁለት መሶብ የሞላውን ታሪክ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያበላ ጌታ ፍርፋሪ ምን ያደርግለታል? ልጆቹን ይሄን ጠይቂያቸውና የሚሉሽን ስሚ።

ያልተነካው እንጀራ ለጠዋት ፍርፍር ይሁን። ልጣጩና ቅጠላ ቅጠሉ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ፤ አንድ ረድፍ ልጣጭ፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ሣር፣ ከላይ አፈር። ነሐሴ ስለሆነ ዝናቡ እንዳያጥለቀልቀው በኮባ ሸፍኑት። የተረፈው ለጎረቤት ላም። ሜዳ ላይ ግን አንድም ነገር እንዳይጣል! አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደሽ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ አይተሻል አይደል? እዚያ ሸምጠጥ እያሉ የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ። አንድ ጊዜ አንዱ አንጀቱን ከነፌስታሉ ጎትቶ ሲውጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንገቱ ላይ ያለችው ከረጢት ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች፣ ፌስታሉ አልወርድ ብሎት። አጠገቤ የቆመ ልጅ "ጋሼ ይሞታል?" አለኝ፤ ምን ልበለው? ጦጣውም እንደዚያው ነው፤ ብስኩት የለመደ ጦጣ ነገ የልጅ እጅ ይቧጭራል።

ስለ ብስኩት ካነሳን፣ በመክሰስ ሰዓት ላስቲክ የሌለው ነገር ስጧቸው። ነሐሴ ነው፣ እሸት በቆሎ በየመንገዱ ይጠበሳል። ሙዝ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ሸንኮራ አለ። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ ለልጅ የታሸገ ብስኩት በካርቶን መግዛት በእውነት ይገርመኛል። ፌስታል ላይማ ብዙ አልልም፤ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ባጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል፤ ወደ ገበያ ስትሄዱ ዘንቢልና ጆንያ ያዙ።

ማገዶ። እንጀራውን ግቢው ውስጥ በሦስት ጉልቻ አታስጋግሩ፤ ከጉልቻ እሳት አብዛኛው ሙቀት ለነፋስ ነው የሚቀረው፣ ጭሱ ደግሞ ለጋጋሪዋ ዓይን። ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚጋግሩ እናቶች ግዙ። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ነው የሚመጣው፤ እንጨት አይነድበትም። ግድ እዚያው ይጋገር ከተባለ ምርጥ ምድጃ ይሁን፤ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ባቄላና ሽምብራው ማታ ይነከር፣ ድስቱ ይከደን። የእሳት ዳር ዝማሬውን አትሰርዢ፤ ለአንድ ምሽት ብቻ ይሁን እንጂ። ልጆቹ ለዓመት የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ባነርና ቲሸርት ላይ ዓመተ ምህረት አታጽፉ። በቃ። "2018" ተብሎ የታተመ ባነር 2019 ላይ ምን ይሠራል? ዓመቱ ከሌለበት ግን አምስት ዓመት ታንጠለጥሉታላችሁ።

ወደዚያ ወደ ችግኙ ወንድም ልምጣ። ክፋት የለውም፤ ከ2011 ወዲህ አረንጓዴ አሻራ ብለን በየክረምቱ ስንተክል ነው የከረምነው፣ እኔም ተክያለሁ። ግን እንነጋገር። ካምፑ የመጨረሻው ቀን ላይ 200 ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል። ዝናቡ ጥቅምት ላይ ይቆማል። ኅዳር ላይ ማን ነው ውሃ የሚያጠጣው? ፍየሏንስ ማን ይከለክላታል? 200ውን ተዉትና 20 ትከሉ፤ ለስድስት ልጅ አንድ። ያው በትሪ የበሉት ስድስቱ። ዋንዛ ይሁን፣ አቮካዶ ይሁን፤ ባሕር ዛፍ ግን ሐይቁ ዳር አታምጡ፣ ውሃ ጠጪ ነው። ዙሪያውን በእሾህ አጥሩት፤ ለዘበኛው ደግሞ ስታይሮፎም ባለመግዛት ከተረፈው ብር ላይ እስከ መጋቢት ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚያጠጣበት ትንሽ ክፈሉት። ለኮሚቴው ይሄን ስትነግሪያቸው "ክፍያ" የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል፤ አንቺ ግን አትለፊው። የሚያጠጣ ሰው ያልተቀጠረለት ችግኝ ጥርን አያይም።

ያም ሆኖ ሃይላንድ መምጣቱ አይቀርም፤ ወላጅ ይዞ ይመጣል። እሱን በአንድ ጆንያ ሰብስባችሁ ለቆራሌው ስጡት፣ በኪሎ ይገዛችኋል። ፕላስቲክ ማቃጠል ግን ይቅር። ዘበኛውን አትቆጡት፣ ሌላ ቦታ ስላልተሰጠው ነው።

በዘንድሮው ሁሉንም ላድርግ ካልሽ ግን ትደክሚያለሽ። ትሪውንና ውሃውን ብቻ ብታሳኪ ጋሪው ከሦስት ወደ አንድ ይወርዳል። ሌላው ለከርሞ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ልጄን የክረምት ካምፕ የላክሁት ቃሉን እንዲማር ነበር። ሲመለስ "አባዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቆሻሻ ስንለቅም ዋልን" አለኝ። ከፍለን የላክናቸው ለዚህ ነው? ይሄ አካባቢ ጥበቃ የሚሉት ነገርስ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው?
አንድ አባት፣ ከታቦር ሰፈር

መልስ፦ ጌታው፣ በመጀመሪያው ከእርስዎ ጋር ነኝ። ትልልቆቹ የገዙትን ላስቲክ ልጆች ጎንበስ ብለው እንዲለቅሙ ማድረግ ትምህርት አይባልም፤ ጉልበት መበዝበዝ ነው። ከላይ ለአስተባባሪዋ የጻፍኩትን ያንብቡልኝ፤ የሚለቀም ነገር እንዳይኖር ነው የምንለፋው።

በሁለተኛው ግን አልስማማም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15ን ይክፈቱ። አዳም ገና ሳይበድል፣ ስብከት ሳይኖር፣ መዝሙር ሳይኖር፣ የተሰጠው ሥራ ያንን ገነት ማበጀትና መጠበቅ ነበር። ዘዳግም 20 ላይ ደግሞ ጦርነት ላይ ላለ ሠራዊት እንኳ ከተማ ስትከቡ የፍሬ ዛፍ አትቁረጡ ይላል። እንግዲህ ይሄ ቃሉ ካልሆነ ምን ልበልዎ? ልጅዎ ትሪ አጥቦ ከመጣ ግን አይቆጡ፤ ቤትም ይጠብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ 13 ዓመቴ ነው። ካምፕ ስሄድ ኩባያ ይዛችሁ ኑ ይሉናል፤ በየዓመቱ ይጠፋብኛል። ከዚያ በሚጣለው ነው የምጠጣው። እማዬም ዘንድሮ አልገዛልህም ብላለች።
ከሐዋሳ

መልስ፦ እናትህ ልክ ናት። የቆርቆሮ ኩባያ ያዝ፤ ፕላስቲክ አይሁን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይቀያየራል። ከእህትህ የጥፍር ቀለም ለምንና የኩባያው ቂጥ ላይ ስምህን ጻፍበት፤ በውሃ አይለቅም። አንድ ሌሊት ይደር፣ ቶሎ ከነካኸው ይጨማለቃል። ከዚያ እጀታው ላይ የጫማ ክር እሰርና ቀበቶህ ማንገቻ ላይ አንጠልጥለው። ስትሮጥ ኳ ኳ ይላል፤ ይስቁብሃል። ሦስተኛው ቀን ላይ የነሱ ሲጠፋ ያንተን ሊዋሱ ይመጣሉ፤ ያኔ አውሳቸው፣ ክሩን ግን እንዳትፈታው።